አንኳኪው

የእንጨት ሥራ ቤቶች በተደረደሩበት በዚያ መንገድ ላይ ፕላይውድ የሚባለው ነገር መጀመሪያ ተወደደ፣ ቀጥሎ ጠፋ፣ በመጨረሻ ደግሞ ውሸቱ መጣ። መወደዱን ሰው ቻለው። "ዛሬስ ስንት ገባ?" ብሎ የሚጠይቅ አናጺ መልሱን ሲሰማ አናቱን ይይዝና ትንሽ ተሳድቦ ይከፍላል። መጥፋቱንም ቢሆን እያማረረ ቻለው። ነጋዴዎቹ "መርከብ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ ለሰኞ ነው" ሲሉት፣ "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ የተሰበረ ወንበር ሲጠግን ይውላል። ውሸቱን ግን ማን ይችለዋል? ፊቱ የተወለወለ፣ ጠርዙ በቀይ ቀለም የተቀባ፣ ሲያዩት ሙሽራ የሚመስል ፕላይውድ ይመጣል፤ ውስጡ ግን በኮላ የተለወሰ ሰጋቱራና ስብርባሪ ነው። ሰኞ ያስረከቡት ቁም ሳጥን አርብ ላይ ሆዱን ነፍቶ ይገኛል። ደንበኛ ደግሞ የሚጣላው ከፋብሪካው ጋር ሳይሆን ከአናጺው ጋር ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሁሉ የሚተማመነው በአንድ ሰው ጆሮ ነበር።

ሰውየውን "ጆሮ" ይሉታል፤ በዕድሜ የሚያንሱት "ጋሼ ጆሮ"። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ማዕረግ ነው። ፕላይውድ ሲገዛ በመሃል ጣቱ አንጓ መሃሉን ያንኳኳል፣ ጥጉን ያንኳኳል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ደህና ከሆነ "ሰው አለበት" ይላል። ውስጡ የተጭበረበረ እንደሆነ "ባዶ ቤት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሌሎቹም ከኋላው ተከትለው አንድ ሁለቴ ያንኳኩና "እውነትም ሰው አለበት" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደንበኞችም ይህን ሰምተው "ጆሮ ያንኳኳው እንጨት ይሁንልኝ" ብለው ያዛሉ። መንገዱ በዚህ ይኖር ነበር።

ችግሩ፣ ጆሮ አይሰማም።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ አጠገቡ ስትጮህ የኖረች የመጋዝ ማሽን ጆሮውን እየሸረሸረች እየሸረሸረች እዚህ አደረሰችው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፤ ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ፕላይውድ ሲያንኳኳ ጣቱን አመመው እንጂ ምንም አልመጣለትም። እንጨቱ የታመመ መስሎት ሌላውን አንኳኳ። እሱም ዝም አለው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲናገር ከንፈር ከንፈሩን ማየት ለመደ። ያልገባውን በሳቅ አለፈ። ከኋላው ሲጠሩት አለመዞሩን ሰዎች ኩራት አደረጉለት፣ እሱም ኩራቱን ደስ ብሎት ተቀበለ። ተረቱ "ዝም አይነቅዝም" ይላልና ዝም አለ፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ያፍር ነበር፣ ይፈራም ነበር። መስማት የማይችል ጆሮ ለማን ይጠቅማል?

መጀመሪያ አካባቢ ዕድል ረዳው። የሚመጣው ዕቃ ደህና ስለነበር ጣቱ የምታንኳኳው ለወጉ ያህል ነበር። ኋላ ግን ዕድልም ከዳው። ጎረቤቱ ሶፋ ሠሪው፣ ትከሻው ሰፊ፣ በትንሽ ነገር ቱግ የሚል ሰው፣ ጆሮ "ሰው አለበት" ባለው ፕላይውድ አልጋ ሠርቶ አስረከበ። አልጋው ባልና ሚስትን እንደያዘ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ደንበኛው ስብርባሪውን በጋሪ አምጥቶ በሶፋ ሠሪው በር ላይ ደፋው፣ መንገዱም ሁሉ ወጥቶ አየ። ጆሮ ተጠርቶ የተሰበረውን ሲመለከት ውስጡ ሰጋቱራ ነው። አፉ ግን "እርጥበት ነው፤ ቤታቸው እርጥበት አለው" አለ። ሶፋ ሠሪው አመነው። ቢጠራጠረው፣ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ወሬ መጣ፤ ከከተማው ዳር ባለ መጋዘን ፕላይውድ ገብቷል ተባለ። በሁለት ረድፍ ቆሟል፤ ነጋዴው ግን በፍሬ አይሸጥም። ካሻህ አንዱን ረድፍ እንዳለ ጠቅልለህ ትወስዳለህ፣ ገንዘቡንም ዛሬውኑ ትቆጥራለህ። ሌላ ገዢ የጭነት መኪና ይዞ እየመጣ ነው ተብሏል።

ለአንድ ሰው የሚቀመስ አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ተባለና መዋጮ ተጀመረ። ቀጭኔ የሚሉት በር ሠሪ፣ በቁመቱ ብዛት በሮቹን ያለ ሜትር ይለካል እየተባለ የሚቀለድበት፣ መላጊያ ማሽኑን ሸጦ መጣ። ሶፋ ሠሪው የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ይዞ መጣ። ሌሎቹም ከየጓዳቸው ያላቸውን አራገፉ። ከደንበኛ የተቀበሉት ቀብድ ተበልቶ ያለቀ ስለነበር፣ በዚህ እንጨት ካልሠሩ በራቸውን መዝጋታቸው ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አላነሳውም።

ገንዘቡን የያዘችው የጆሮ ሚስት ነበረች። አናጺዎቹ በኪስ ነገር እርስ በርስ አይተማመኑም፣ እሷን ግን ያምኗታል። የመንገዱን ዕቃ ሁሉ ቫርኒሽ የምትቀባው እሷ ናት። ቫርኒሽ አቧራ ስለማይወድ ክፍሏ ከማሽኖቹ ርቆ፣ ከግቢው ጀርባ ከወፍራም ግንብ ኋላ ነው። በሯን ዘግታ፣ ብሩሿን ይዛ፣ ብቻዋን ስታዜም ትውላለች። ባሏ ዜማዋን ከሰማ ቆይቷል።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ሁሉም ነገር ያንተ ጣት ላይ ነው" አለው ሶፋ ሠሪው ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ፣ ፊት ለፊቱ መጥቶ።

"እግዜር ያውቃል" አለ ጆሮ። እጁን ኪሱ ከተተ።

መጋዘኑ ረጅም፣ ከላይ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ብርሃን በበሩ ብቻ የሚገባበት ነው። ፕላይውዶቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። የግራው ረድፍ ፊቱ ንጹሕ ነው፣ ሲያዩት ዓይን ይማርካል። የቀኙ ደግሞ የተቧጨረ፣ ቦታ ቦታ ላይ የውሃ ጠብታ ያዥጎረጎረው ነው። ነጋዴው ስንጥር ነክሶ፣ አንድ ጊዜ ስልክ አፉ ላይ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይናገራል። ለጆሮ ከዚህ የባሰ ጠላት አልነበረም። ከሰውየው ንግግር አንድ ቃል አልያዘም፤ ቀጭኔ ዘወር ብሎ ሲደግምለት ነው የገባው።

"መቁረጥ የለም፣ መሸራረፍ የለም፣ ማንኳኳት ግን ትችላላችሁ ይላል። 'አንድ ረድፍ ምረጡና ቶሎ ልቀቁኝ፣ ሰው ይጠብቀኛል' ነው የሚለው።"

"ይሁን" አለ ጆሮ።

ወደ ግራው ሄደ። ሰዎቹ ሊያግዙት ብለው ትንፋሻቸውን ዋጡ። አንደኛው ሊያስል ሲል ሶፋ ሠሪው በክርኑ ጎሰመው። አያችሁ፣ ለእሱ ነው ዝም ያሉለት! ጆሮ መሃሉን አንኳኳ፣ ጥጉን አንኳኳ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ምንም የለም። ወደ ቀኙ ተሻገረ፣ አንኳኳ። አሁንም ምንም የለም። ጣቱ እስኪቀላ መታው። መዳፉን ለጥፎ በሌላው እጁ መታ፤ ትንሽ ንዝረት መጣለት፣ ግን ንዝረቱ የእንጨቱ ይሁን የገዛ እጁ መንቀጥቀጥ መለየት አቃተው። ጠርዙን ሊያይ ጎንበስ አለ፣ ጠርዙ ሁሉ በቀይ ቀለም ተሸፍኗል። አሸተተ፣ ሁሉም ኮላ ኮላ ይላል።

በዚህ መሃል ሰዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሩ። እሱ አልዞረም። ሚስቱ አይታ እጇን ትከሻው ላይ ጣል ስታደርግ ነው ቀና ያለው፤ በሩ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል። ጥሩምባ ነፍቶ ኖሯል። ነጋዴው በስንጥሩ ወደ መኪናው እያሳየ አንድ ነገር ተናገረ። ይህን ለመረዳት ከንፈር ማየት አላስፈለገም፤ ምረጡ ወይ ውጡ ነው።

"ጋሼ?" አለው ቀጭኔ።

ጆሮ ሁለቱን ረድፎች ተራ በተራ አየ። ከሁለት አንዱ ነው፤ አንዱን ጠቁሞ ቢወጣለትስ? ግራው ፊቱ ያምራል። ነጋዴውም ዓይኑ ወደ ግራው አይሄድም፤ ሊያራግፈው የፈለገ ዕቃ ቢሆን ያሞግሰው አልነበረም? ወይስ እንዳይጠረጠር ብሎ ነው? ጣቱ ወደ ግራው መነሳት ጀመረች። ሶፋ ሠሪው የጣቷን አቅጣጫ ብቻ አይቶ ጃኬቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ እጅጌውን ጠቀለለ፣ ሊሸከም ተዘጋጀ። አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። የልጆቹ ክፍያ ሴትየዋ በያዘችው ቦርሳ ውስጥ ነው፣ እሱ ግን እጅጌውን ይጠቀልላል።

ያን ጊዜ ጆሮ እጁን አወረደ።

"አይሰማኝም" አለ።

"ምን አልክ?"

"አይሰማኝም፤ አንዱም አይሰማኝም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው፣ ደብቄያችሁ ነው።"

መጋዘኑ ፀጥ አለ፤ ለሌሎቹ ማለቴ ነው፣ ለእሱማ ድሮም ፀጥ ነበር። ነጋዴው ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። የሶፋ ሠሪው ፊት ግን ቀስ በቀስ ደም ለበሰ። መጥቶ ጆሮ ፊት ተጠግቶ ቆመ።

"አልጋውስ?"

ጆሮ ከንፈሩን አይቶ ገባው። "አልጋውንም አልሰማሁትም። እርጥበት አልነበረም። ዋሽቼህ ነው።"

"በገዛ በሬ ላይ ተዋርጄ! ሰው 'ሌባ' ሲለኝ! አንተ አጠገቤ ቆመህ!" ሶፋ ሠሪው ክንዱን ይዞ ናጠው። "ሁላችንም ታውቃለህ ብለን…"

ድንገት ቃሉን አቋርጦ ወደ ሰዎቹ ዞረ። "እናንተስ? ከኋላ ከኋላው እያንኳኳችሁ 'እውነትም ሰው አለበት' ስትሉ አልነበረም? ቀጭኔ! አንተስ እንዴት አልሰማህም?"

ቀጭኔ ያን ሁሉ ቁመቱን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ጫማውን እያየ፣ "እኔ… እኔም እኮ አይሰማኝም" አለ። "ከመላጊያው ጋር ስንት ዓመት! እሱ ሰው አለበት ካለ አለበት ነዋ ብዬ ነው።"

"እኔም" አለ ከኋላ የነበረው።

"እኔ ግራው ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል፣ ግን ለይቼ አይደለም" አለ ሌላው። ግራ ያለው ግራ ጆሮውን ነው።

ሶፋ ሠሪው አንድ በአንድ አያቸው። የጆሮን ክንድ የያዘው እጁ ላላ። ያን ቀን አልጋ የሆነውን ፕላይውድ እሱም በገዛ እጁ አንኳኩቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ "እውነትም" ብሎ ነበር። ያ ሁሉ ጎረምሳና ሽማግሌ በማሽን የደነቆረ ጆሮውን ይዞ፣ አንዱ ባንዱ እየተማመነ፣ ሲያንኳኳና ሲነቀንቅ ነው የኖረው። መሳቅ ያማራቸው ነበሩ፣ ግን ቦርሳው ውስጥ ያለው ገንዘብ አላሳቃቸውም።

ነጋዴው እጁን አጨበጨበ። "በሉ እንግዲህ፣ ደንቆሮ ሁሉ ተሰብስቦ መጋዘኔን…"

"ቆይ" አለ ጆሮ። ነጋዴውን አቋርጦት እንደሆነ እንኳ አላወቀም። ሚስቱን እያየ ነበር። ወፍራሙን ግንብ፣ የተዘጋውን በር እያሰበ ነበር። "አንቺ ትሰሚያለሽ" አላት።

"እኔ ምን አውቄ?"

"መስማት ነው እንጂ ማወቅ አይደለም። ነይ። ጣትሽን እንዲህ አጠፍ አድርጊ። መጀመሪያ መሃሉን፣ ከዚያ ጥጉን።"

ቦርሳውን ብብቷ ስር ወሽቃ መጣች። "ምኑን ልስማ?"

ጆሮ ይህን ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ድምፁን ከትዝታው ፈልጎ ለማውጣት ዓይኑን ጨፈነ። "ሰው ያለበት ቤት ስታንኳኪ ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባና ይቀመጣል። ባዶ ቤት ከሆነ ግን ዞሮ ይመለስብሻል።"

ቀጭኔና ሶፋ ሠሪው የግራውን ፕላይውድ እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ እየገለጡ ያዙላት። አንኳኳች። "ይቀመጣል" አለች። ቀጣዩን አንኳኳች፣ "ይሄም ይቀመጣል"። ሶፋ ሠሪው ነጋዴውን አየ፣ ነጋዴው ሰዓቱን ያያል። ገለጡ፣ አንኳኳች፤ ገለጡ፣ አንኳኳች። ጆሮ ከፊቷ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። እየሄደች እየሄደች መሃል አካባቢ ስትደርስ ቅንድቧ ተሰበሰበ። ደግማ አንኳኳች።

"ይሄኛው ተመለሰ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ዞር በልልኝ፣ ድገሙት። አዎ፣ ባዶ ነው። የኋላውም። እሱም። ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ቤት ነው።"

ነጋዴው ስንጥሩን ጣለ። "ሴትዮ፣ የፊቱን አየሽ አይደል? ይበቃል! ሰው እየጠበቀ ነው!" አለና ሊገፋት ሲጠጋ ከሶፋ ሠሪው ትከሻ ጋር ተገናኘ። እዚያው ቆመ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ጣቱ ወደ ግራው ተነስታ እንደነበር ጆሮ አስቦ ያቺን ጣቱን በሌላው እጁ ጨበጣት።

የቀኙን ረድፍ ከፊቱ እስከ ግድግዳው አንኳኳች። የተቧጨረው፣ የተዥጎረጎረው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ሁሉም ተቀመጠ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እሷም እንደ ባሏ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር። "ሰው አለበት" አለች። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞራ ቦርሳውን ከፈተች።

ተሸክመው ሲወጡ ባለመኪናው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ልብሱ ላይ ሰጋቱራ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ እንደነሱ አናጺ ነው። ሶፋ ሠሪው በዓይኑ "ተወው፣ እንሂድ" አለ። ጆሮ ግን አልቻለም፣ ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ የግራውን ከመሃል ጀምረህ አንኳኳው" አለው።

ሰውየው መዳፉን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ "ምን አልከኝ?" አለ።

ያን ጊዜ ነው ቀጭኔ የተሸከመውን አውርዶ የሳቀው። ሳቁ ተጋባባቸው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሚስትየዋ ሳትስቅ ወደ ባለመኪናው ሄዳ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ እየሳለች አስረዳችው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቤቱ ውስጥ የመጀመሪያውን ፕላይውድ ማሽን ላይ አወጡት። ሰው ሁሉ ከቦ ቆመ። የተቆረጠውን ጠርዝ ሶፋ ሠሪው ብርሃን ላይ ይዞ አየው፤ ንጣፍ በንጣፍ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር እንጨት ነው። ለጆሮ አቀበለው።

"የአልጋውን ነገር አልረሳሁትም" አለው፣ ከንፈሩ እንዲታይ ቀና ብሎ።

"አትርሳው። አዲሱን አልጋ እኔ እሠራዋለሁ፤ ለባልና ሚስቱም ራሴ ወስጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።"

ሶፋ ሠሪው ሲወጣ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ።

ሁሉም ከተበተነ በኋላ ጆሮ ከግቢው ጀርባ ሄደ። ሚስቱ ቫርኒሿን እየበጠበጠች ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አላት።

ቀና ብላ አየችው። "ክረምቱን፣ ጣራው ሲያንጠባጥብ። ከኋላህ ቆሜ ስጠራህ ገበታህን ይዘህ ቁጭ ብለሃል።"

"ለምን ዝም አልሽኝ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልከኝ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ጆሮ ያን ዓመት በዓይኑ መልሶ አየው። ድሮ ከጓዳ ሆና የምታወራው ሴት፣ ነገር በተነሳ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ትመጣና ፊቱ ትገተር ነበር። ጨው አልቋል ለማለት ፊቱ። ዝናብ መጣ ለማለት ፊቱ። እሱ ደግሞ በሽምግልናው ጠብ የምትፈልግ ሚስት የተረፈችው መስሎት ስንቴ ተኮሳትሮባት ነበር።

"ጠብ የፈለግሽ መስሎኝ" አለ። "ይቅር በይኝ።"

"ስትኮሳተር እኮ ታምራለህ" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ብሩሿን እየነከረች፣ አንድ ነገር ተናገረች። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየ። በፊት ቢሆን "እሺ" ብሎ፣ ወይም ፈገግ ብሎ ይወጣ ነበር።

"አልሰማሁም" አላት። "ድገሚልኝ።"

ብሩሿን አስቀመጠች። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

"ቫርኒሹም ጨምሯል ነው ያልኩህ" አለችው።